መቶ አለቃ ጋሪሰን ማን ነበር?

በአሜሪካ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ የጦር ትምህርት ቤት ሕይወትን የሚተርከው የጀብዱ ልብ ወለድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ራሱን የቻለ ዘርፍ ለመሆን የበቃ ሲሆን፣ ከዘርፉ ሥራዎች መካከል ማርክ ማሎሪ የተባለውን የዌስት ፖይንት ዕጩ መኮንን ጀግናው ያደረገው ተከታታይ ታሪክ የተለየ ቦታ ይዟል። ታሪኩ በኒው ዮርኩ አሳታሚ በስትሪት ኤንድ ስሚዝ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በ1897 መውጣት ጀመረ፤ በ1903 ደግሞ በአምስት መጻሕፍት ተጠርዞ ለገበያ ቀረበ (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በሽፋኑ ላይ የሰፈረው የደራሲ ስም «መቶ አለቃ ፍሬድሪክ ጋሪሰን» ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ባልደረባ መሆኑን የሚገልጽ ምልክትም ታክሎበታል። ከስሙ ጀርባ የነበረው ሰው ግን የጦር ልብስ ለብሶ የማያውቅ፣ መጽሔቱ ሲጀመር ገና 19 ዓመት ያልሞላው የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ይህ ልጅ እግር ጸሐፊ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የቺካጎ የሥጋ ፋብሪካዎችን ገመና ያጋለጠውን «ዘ ጀንግል» የተባለ ልብ ወለድ አሳትሞ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው አፕተን ሲንክሌር ነው።

ታሪኩ የሚካሄድበት ዌስት ፖይንት ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሃድሰን ወንዝ ዳር በሚገኝ ከፍታ ላይ የተቆረቆረ የጦር አካዳሚ ሲሆን፣ የተቋቋመውም ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በ1802 በፈረሙት ሕግ ነው። ከ1817 እስከ 1833 የአካዳሚው አዛዥ የነበረው ሲልቫነስ ቴየር ጥብቅ ሥነ ሥርዓትን፣ የዕለት ተዕለት የቃል ፈተናንና የምሕንድስና ትምህርትን አንድ ላይ አጣምሮ ስላደራጀው «የአካዳሚው አባት» እየተባለ ይጠራል። አብዛኞቹ ዕጩ መኮንኖች የሚገቡት የየወረዳቸው የኮንግረስ ተወካይ ሲያጫቸው በመሆኑ፣ የአንድ ትንሽ ከተማ ልጅ ተወዳድሮ ዕጩ መሆኑ በራሱ ለልብ ወለድ የሚመች ጉዳይ ነበር። ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል፤ የአንደኛ ዓመቱ ተማሪ «ፕሌብ»፣ የሁለተኛ ዓመቱ ደግሞ «ይርሊንግ» ይባላል። ፕሌቦች በመጀመሪያው በጋ የሚያሳልፉት የማለማመጃ ጊዜ «ቢስት ባራክስ»፣ ማለትም የአውሬዎች ሰፈር፣ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ በዚያ ወቅት ነባሮቹ ተማሪዎች አዲስ ገቢዎቹን በማዋረድ፣ አካላቸውን እስኪዝሉ በማሠራትና የማይበላ ነገር በማስበላት ያንገላቱ ነበር። ይህ አዲስ ገቢን የማንገላታት ልማድ በእንግሊዝኛው «ሄዚንግ» ተብሎ ይታወቃል፤ የማርክ ማሎሪ ታሪክ ዋነኛ ጉዳይም እርሱ ነው።

የታሪኩ ማደሪያ የነበረው የኅትመት ዓይነት ደግሞ የራሱ ዘር ሐረግ አለው። በ1860 የቢድል አሳታሚ ድርጅት የአን ስቲቨንስን «ማላየስካ» በአንድ ዳይም፣ ማለትም በአሥር ሳንቲም፣ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ርካሽ የጀብዱ ታሪኮች «ዳይም ኖቭል» እየተባሉ በአሜሪካ ከተሞች ተሠራጩ፤ ኋላም ዋጋቸው ወደ አምስት ሳንቲም ወርዶ በየሳምንቱ የሚወጡ ሆኑ። በ1855 የተመሠረተው ስትሪት ኤንድ ስሚዝ በ1896 ጊልበርት ፓተን በርት ስታንዲሽ በሚል የብዕር ስም የሚጽፈውን የፍራንክ ሜሪዌልን ታሪክ ማውጣት ጀምሮ ከፍተኛ ገበያ ስላገኘ፣ በዓመቱ የጦሩንና የባሕር ኃይሉን ትምህርት ቤቶች መድረካቸው ያደረጉ ታሪኮች የሚወጡበትን «አርሚ ኤንድ ኔቪ ዊክሊ» የተባለ መጽሔት አቋቋመ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሄንሪ ሃሪሰን ልዊስ ራሱ የልጆች የባሕር ታሪኮች ጸሐፊ ነበር። ድርጅቱ ለዌስት ፖይንት አንድ ጀግና፣ በሜሪላንድ ግዛት አናፖሊስ ለሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ ደግሞ ሌላ ጀግና ፈለገ፤ የመጀመሪያው ማርክ ማሎሪ፣ ሁለተኛው ክሊፍ ፋራዴይ ሆኑ።

አፕተን ሲንክሌር በዚህ መድረክ ላይ የደረሰበት መንገድ የድህነት መንገድ ነው። በ1878 በባልቲሞር ከተማ ሲወለድ ቤተሰቡ የባሕር ኃይል መኮንኖችን ያፈራ የደቡብ ባላባት ቤተሰብ የነበረ ቢሆንም፣ አባቱ የመጠጥ ነጋዴ ወኪልና ራሱም በመጠጥ የተጠመደ ሰው ስለነበር ልጁ ያደገው በርካሽ የኪራይ ክፍሎችና በሀብታም ዘመዶች ቤት መካከል እየተንከራተተ ነው። ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ከተዛወረ በኋላ 14 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወደ ከተማዋ ኮሌጅ ገባ፤ የዕለት ወጪውንም ለጋዜጦች ቀልድና አጫጭር ታሪክ እየሸጠ ይሸፍን ነበር። በ1897 ተመርቆ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተጨማሪ ትምህርት ሲጀምር፣ ስትሪት ኤንድ ስሚዝ የዌስት ፖይንቱን ታሪክ እንዲጽፍ አዘዘው። ወጣቱ ወደ ዌስት ፖይንት ሄዶ ግቢውን፣ ሰልፉንና የዕጩ መኮንኖቹን አነጋገር ተመልክቶ ተመለሰ። ከዚያም መቶ አለቃ ጋሪሰን ሆነ።

አከራካሪው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሲንክሌር በ1932 «አሜሪካን አውትፖስት» በሚል ርዕስ ባሳተመውና በ1962 አስፋፍቶ ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ስለዚያ ዘመን የሰጠው ምስክርነት ለብዙ አንባቢ ለማመን የሚከብድ ነው። በእርሱ አገላለጽ መሠረት በየቀኑ፣ እሑድን ጨምሮ፣ 8,000 ቃላት ያህል ያመርት ነበር፤ ለአንድ ታሪክ የሚከፈለው 40 ዶላር ነበር፤ ሁለት የአጭር ጽሕፈት ባለሙያዎች ቀጥሮ አንደኛዋ የምትቀዳውን ሌላዋ በታይፕ ስትገለብጥ ቀን በቀን ያፈራርቃቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ለሦስት ሰዓት ያህል በቃሉ እየተናገረ ያስጽፋል፤ ማታ ያለፈውን ቀን ቅጂ ያርማል፤ ከዚያም ረጅም የእግር ጉዞ እያደረገ የነገውን ታሪክ ያቅዳል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በኮሎምቢያ ትምህርት ይከታተላል፣ ቫዮሊን ይለማመዳል። ይህን ሥራ እስኪያቆም ድረስ ያሳተመው ጽሑፍ ሁሉ ቢደመር ከልብ ወለድ ደራሲው ከዋልተር ስኮት ሥራዎች ጋር በመጠን እንደሚስተካከልም ገምቷል።

ይህን ምስክርነት በጥርጣሬ የሚመለከቱ ሰዎች የሚያነሧቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ደራሲው ስለ 18 ዓመቱና ስለ 20 ዓመቱ ኑሮው የጻፈው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ ስለሆነ፣ ቁጥሮቹ በትዝታ ውስጥ አብጠው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የሙያው ልማድ ነው፤ በዚያ ዘመን የርካሽ መጽሔት አሳታሚዎች «የቤት ስም» የሚባል አሠራር ነበራቸው፤ ይህም የብዕር ስሙ የአሳታሚው ንብረት ሆኖ የተለያዩ ጸሐፊዎች በየተራ የሚጠቀሙበት ማለት ነው፤ ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑ ጸሐፊው አንድ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በእርግጥም የአናፖሊሱ ክሊፍ ፋራዴይ የወጣበት «ኤንሳይን ክላርክ ፊች» የተባለው ስም (ኤንሳይን በባሕር ኃይሉ ዝቅተኛው የመኮንንነት ማዕረግ ነው) የዚህ ዓይነት የጋራ ስም ነበር። ስሙን መጀመሪያ ይጠቀምበት የነበረው አዘጋጁ ልዊስ ሲሆን ሲንክሌር ተረክቦ ቀጥሎበታል፤ የመጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጆችም ከፋራዴይ ታሪኮች የትኛው የማን እንደሆነ ሲለዩ ሁልጊዜ አይስማሙም።

ሆኖም የሲንክሌርን ቃል በስሌት መመርመር ይቻላል፤ ስሌቱም ከተጠራጣሪዎቹ ይልቅ ለእርሱ ያደላል። በቀን 8,000 ቃላት ማለት በሳምንት 56,000 ቃላት ነው፤ በየሳምንቱ የሚወጣ አንድ ታሪክ እስከ 30,000 ቃላት የሚደርስ ርዝመት ስለነበረው፣ ይህ መጠን ማሎሪንና ፋራዴይን ጎን ለጎን ለሚጽፍ ሰው የሚያስፈልገው መጠን ነው ማለት ይቻላል፤ ያልተጋነነ ቁጥር ከሌላ ራሱን ከቻለ ቁጥር ጋር እንዲህ ሲገጥም በዘፈቀደ የተባለ አይመስልም። 8,000 ቃላት በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲነገሩ ደግሞ በደቂቃ 44 ቃላት ያህል ይደርሳሉ። ይህ ከተራ ንግግር ፍጥነት በግማሽ እንኳ የማይደርስ በመሆኑ ተናጋሪው ለማሰብ የሚቆምበት ፋታ ነበረው፤ የሠለጠነ የአጭር ጽሕፈት ባለሙያም በደቂቃ ከመቶ ቃላት በላይ መቅዳት ስለሚችል ለጸሐፊዎቹ የሚከብድ ሥራ አልነበረም። የማይቻለው ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ነው፤ ሲንክሌርም በእጄ ጻፍኩት አላለም። ከዋልተር ስኮት ጋር ያደረገው ንጽጽር በአንጻሩ ለቀቅ ተደርጎ መታየት ይኖርበታል፤ በሳምንት 56,000 ቃላት ለአንድ ሙሉ ዓመት ያለማቋረጥ ቢወጣ 2.9 ሚሊዮን ቃላት ያህል ሲሆን፣ የስኮት ልብ ወለዶች ብዛት ግን ከሃያ በላይ በመሆኑ ያንን ለማስተካከል ብዙ ተጨማሪ ወራት ያስፈልጋል። የወጣትነት ኩራት ያለበት ግምት ነው። ይህ ግን የዋናውን ምስክርነት መሠረት አያናጋውም፤ ጋሪሰን የተባለው ስም ከማሎሪ ጋር ብቻ የተያያዘ ስለሆነና ሲንክሌርም ያለ ማመንታት የራሱ ስላደረገው፣ የዌስት ፖይንቱን ታሪክ የዚህ ተማሪ ሥራ አድርጎ መቀበል ከሁሉ የቀረበ ፍርድ ነው።

ጸሐፊው ማን እንደሆነ ማወቁ የሚጠቅመው መጽሐፉ የያዘው ነገር ከተራ የገበያ ጽሑፍ የተሻለ ትኩረት ስለሚገባው ነው። በመጀመሪያው ቅጽ «ኦፍ ፎር ዌስት ፖይንት» ማርክ ማሎሪ ወደ አካዳሚው ለመግባት የሚያደርገው ትግል ይተረካል፤ በሁለተኛው ቅጽ «ኤ ካዴትስ ኦነር» ግን ታሪኩ ወደ እውነተኛ ጉዳዩ ይገባል። ማሎሪ ይርሊንጎቹ እንደፈለጉ እንዲያደርጉት አልፈቅድም ይላል፤ ቡል ሃሪስ የተባለው ክፉ ይርሊንግና ጓደኞቹም ሊሰብሩት ይነሣሉ። የሚያስገርመው የጀግናው ምላሽ ነው። በተለመደው የልጆች ጀብዱ ጀግናው ብቻውን ተዋግቶ ብቻውን ያሸንፋል፤ ማሎሪ ግን ስድስት ሌሎች ፕሌቦችን አሰባስቦ የሰባት ሰዎች ምሥጢራዊ ማኅበር ያቋቁማል። አባላቱ ሆን ተብለው ከየአቅጣጫው የተመረጡ ናቸው፤ «ቴክሳስ» የሚባለው ቁጡ የከብት አርቢ አገር ልጅ፣ «ፓርሰን» የሚባለው ስለ ቅሪተ አካል መናገር የማይሰለቸው የቦስተን ምሁር፣ ከኢንዲያናፖሊስ ስለመጣ «ኢንዲያን» የተባለው ወፍራምና የዋህ ልጅ፣ የከተማ ዘናጩና እንቅልፋሙ ባላገር ሁሉም በአንድነት ይገኛሉ። ለየብቻቸው ቢሆኑ መሣለቂያ የሚሆኑ ልጆች በአንድ ላይ ሲቆሙ ነባሮቹን ይቋቋማሉ፤ አልፎ ተርፎም የተሠራባቸውን በብልሃት መልሰው ይሠሩባቸዋል።

ከዚህ ላይ የኋለኛውን የሠራተኞች ተሟጋች ሲንክሌርን ማየት ይቻል ይሆን የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ በ1897 ወጣቱ ሶሻሊስት አልነበረም፣ ታሪኩንም ያዘዘው ገበያ ነው። ያም ሆኖ የደካሞች ኅብረት በባለ ሥልጣን ግፍ ላይ የሚያሳየው ኃይል በአምስቱም መጻሕፍት የሚመላለስ ጉዳይ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ከሀብታም ዘመድ ጠረጴዛ ወደ ድኻ ክፍሉ ሲመላለስ ያደገ ልጅ ስለ ውርደት የሚያውቀው ነገር ነበረው፤ ዌስት ፖይንትን በጎበኘ ጊዜም ዓይኑ ከመድፉና ከሰልፉ ይልቅ በፕሌቡ ላይ ማረፉ ለዚህ ደራሲ የሚጠበቅ ነው።

የመጽሐፉን ልዩነት ለማየት በጊዜው ከነበሩት ሌሎች ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የትምህርት ቤት ልብ ወለድ አባት የሚባለው የቶማስ ሂዩዝ «ቶም ብራውንስ ስኩል ዴይስ» በ1857 በእንግሊዝ ታትሞ የጉልበተኛ ተማሪን ግፍና የደግ ርእሰ መምህርን ተጽዕኖ ያሳየ ሲሆን፣ በ1894 ደግሞ ሻምበል ቻርልስ ኪንግ «ካዴት ዴይስ» የተባለውን የዌስት ፖይንት ታሪክ አሳትሟል። ኪንግ በ1866 ከአካዳሚው የተመረቀ እውነተኛ መኮንን ስለነበር መጽሐፉ የቤተኛ መጽሐፍ ነው፤ የዕለቱ ሥርዓት፣ የሰልፉ አደራደር፣ የትእዛዙ ቋንቋ በውስጡ በትክክል ይገኛል፣ ለተቋሙ ያለው ፍቅርም ከገጽ ገጽ ይሰማል። የጋሪሰን መጽሐፍ ግን የውጭ ሰው መጽሐፍ ነው፤ ስለ አካዳሚው ያለው ዕውቀት ከኪንግ ጋር ሊነጻጸር አይችልም፣ ዋሻ ውስጥ የተገኘ ሀብትን የመሳሰሉ ከእውነታ የራቁ ነገሮችም ሞልተውታል። ይሁን እንጂ ተቋሙን የመጠበቅ ግዴታ የሌለበት የውጭ ሰው በመሆኑ ነባሮች በአዲሶች ላይ የሚያደርሱትን ግፍ የታሪኩ ማዕከል ሊያደርግ ችሏል፤ ከሁለቱ የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ ያየውም ይህ የውጭ ሰው ነው።

የሚመጣው ነገር ብዙ አልቆየም። ከብሪስቶል፣ ፔንሲልቫኒያ የመጣው ኦስካር ቡዝ የተባለ ወጣት በሰኔ 1898 ወደ ዌስት ፖይንት ገብቶ በጥቅምት ወር ለቅቆ ወጣ፤ በታኅሣሥ 1900 መጀመሪያ ላይም ማንቁርቱን ባጠቃ የቲቢ በሽታ ሞተ። ቤተሰቡ ለሞቱ ምክንያት ያደረጉት በአካዳሚው በነበረበት ጊዜ ነባር ተማሪዎች ታባስኮ የተባለውን የሚያቃጥል የቃሪያ ስጎ በግድ እንዲውጥ ማድረጋቸውን ነው። ጋዜጦች ክሱን አራገቡት፤ ጦሩ የራሱን አጣሪ ጉባኤ ሲሰይም፣ የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ በኦሃዮው ተወካይ በቻርልስ ዲክ የሚመራ ልዩ ኮሚቴ አቋቋመ። በጥር 1901 በዌስት ፖይንት በተደረገው የምስክርነት መስማት ሂደት ዕጩ መኮንኖች እየተጠሩ ቃለ መሐላ ፈጽመው ተጠየቁ፤ ከተጠሩትም አንዱ የጄኔራል ልጅ በመሆኑ በ1899 በጋ በብርቱ የተንገላታው ዳግላስ ማክአርተር ነበር።

ኮሚቴው የቡዝ ሞት በደረሰበት ግፍ የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ አላገኘም፤ የጦሩ ጉባኤም ከዚህ የተለየ ድምዳሜ አልሰጠም። ነገር ግን ምርመራው ከአንድ ሰው ሞት ያለፈ ነገር ገለጠ። በምስክሮቹ ቃል የተዘረዘሩት የማንገላታት ዘዴዎች ከመቶ በላይ ነበሩ፤ ፕሌቡን ክንዱን እንደ ንስር ክንፍ ዘርግቶ እስኪዝል ድረስ ቁጢጥ ብድግ ማሰኘት፣ ደረቱን ገትሮ ትከሻውን ወደ ኋላ ስቦ ለረጅም ጊዜ ማስቆም፣ የሚያቃጥል ስጎ ማስዋጥ፣ እምቢ ያለውን ደግሞ ነባሮቹ ከመካከላቸው ከመረጡት ጉልበተኛ ጋር በቡጢ እንዲጋጠም ማድረግ ይገኙባቸዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። በማሎሪ ታሪክ ውስጥ እምቢተኛው ፕሌብ ከይርሊንጎቹ ተወካይ ጋር በቡጢ እንዲጋጠም የሚደረግባቸው ትዕይንቶች የደራሲው ፈጠራ መስለው ለታዩት አንባቢ፣ ኮሚቴው የቡጢ ግጥሚያው ሥርዓት ያለው፣ ዳኛ የሚቆምለትና አዘጋጅ ኮሚቴ ያለው የአካዳሚው ልማድ መሆኑን በመዝገብ አስፍሮለታል። ልዩነቱ ማሎሪ ማሸነፉ ነው፤ በእውነተኛው ግቢ ግን አዲስ ገቢው ክብደቱና ልምምዱ ከሚበልጠው ሰው ጋር ስለሚጋጠም ብዙውን ጊዜ ይደበደብ ነበር። ኮንግረሱ በመጋቢት 1901 ባጸደቀው ሕግ በዚህ ድርጊት የተሳተፈ ዕጩ መኮንን እንዲባረርና ዳግመኛም እንዳይመለስ ደነገገ።

ልብ ወለዱ ያላየው ነገርም አለ፤ ይህም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ከሰባቱ የማሎሪ ማኅበር አባላት መካከል ጥቁር አሜሪካዊ የለም። ዌስት ፖይንት ግን ሄንሪ ፍሊፐርን በ1877 የመጀመሪያ ጥቁር ተመራቂው አድርጎ አስመርቋል፤ በሚያዝያ 1880 ደግሞ ጆንሰን ዊቲከር የተባለው ጥቁር ዕጩ መኮንን በክፍሉ ውስጥ ከአልጋው ጋር ታስሮ፣ ተደብድቦና ጆሮው ተቆርጦ ሲገኝ አካዳሚው ጥቃቱን ራሱ በራሱ ላይ ፈጸመው ብሎ ከስሶታል፤ በኋላም ተሰናብቷል። የመኮንንነት ማዕረጉ የተሰጠው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1995 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ነው። በ1889 ከተመረቀው ከቻርልስ ያንግ በኋላ ሌላ ጥቁር ተመራቂ እስከ 1936 አልነበረም፤ በዚያ ዓመት የተመረቀው ቤንጃሚን ዴቪስም አራቱን ዓመት ያሳለፈው ከሥራ ጉዳይ በቀር ጓደኞቹ ሳያነጋግሩት ነው። በደካሞች ኅብረት ላይ የተመሠረተ ታሪክ እጅግ የተገፉትን ከኅብረቱ ውጭ መተዉ የዘመኑን የልጆች ገበያ ወሰን ያሳያል፤ ለደራሲው ግን ሙሉ ምክንያት ሊሆነው አይችልም።

ስለ መጽሐፎቹ የኋላ ዕጣ የሚነገረው ብዙ አይደለም። በ1898 አሜሪካ ከእስፔን ጋር ስትዋጋ ሲንክሌር ከጠረጴዛው ሳይነሣ ጀግኖቹን ወደ ጦርነቱ ላከ። በ1900 ራሱን ለከፍተኛ ሥነ ጽሑፍ ለመስጠት ወስኖ ይህን ሥራ ተወ። ከሁለቱ ከተጠቀሱት ሌላ «ኦን ጋርድ»፣ «ዘ ዌስት ፖይንት ትሬዠር» እና «ዘ ዌስት ፖይንት ራይቫልስ» የሚባሉት ቅጾች በስትሪት ኤንድ ስሚዝ፣ ኋላም በፊላደልፊያው ዴቪድ ማኬይ ድርጅት እየታተሙ ለገና ስጦታ በሚሆኑ ባለ ሥዕል ሽፋኖች ተሸጡ። ከ1910 ጀምሮ ሃሪ ኢርቪንግ ሃንኮክ ዲክ ፕሬስኮት የተባለውን ጀግና ይዞ በዚሁ ግቢ ሌላ ተከታታይ ታሪክ ጻፈ።

ደራሲው ራሱ የማሎሪን ዘመን የእንጀራ ዘመን አድርጎ ይቆጥረው ነበር፤ ታሪክ ማዋቀርንና ያቀዱትን በአእምሮ መያዝን እንዳስተማረው፣ በአጻጻፉ ላይ ግን ጉዳት እንዳደረሰበት ተናግሯል። «ዘ ጀንግል» በ1906 ሲታተም ያስከተለው ቁጣ በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሥጋ ምርመራንና የምግብና መድኃኒት ንጽሕናን የሚመለከቱ ሁለት ሕጎችን ለመፈረም ካበቋቸው ምክንያቶች አንዱ ነበር። በ1934 ለካሊፎርኒያ ገዥነት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በ1943 የፑሊትዘር ሽልማት ተቀበለ፤ በ1968 በ90 ዓመቱ አረፈ። የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች የመቶ አለቃ ጋሪሰንን ምዕራፍ በጥቂት ገጾች ማለፋቸው ያሳዝናል፤ አንድ ተቋም በሩን ዘግቶ የሚያደርገውን ሄዶ የማየትና ለተራው አንባቢ በቀላል ዋጋ የመናገር ልማዱ የሚታየው ከቺካጎ በፊት በሃድሰን ዳር ነውና።

ዌስት ፖይንትም በራሱ መንገድ ተለውጧል። ከ1919 እስከ 1922 አዛዥ የነበረው ያ የተንገላታው ማክአርተር የቢስት ባራክስን ሥልጠና ከነባር ተማሪዎች እጅ አውጥቶ ለመኮንኖች አስረክቧል፤ ፕሌቦችን ለነባሮች ፈቃድ ያስገዛ የነበረው የአንደኛ ዓመት ሥርዓት በይፋ የተተካው ግን በ1990 ነው። በነሐሴ 2015 ፕሌቦች የበጋ ሥልጠናቸውን ሲጨርሱ በሚያደርጉት የትራስ ውጊያ ላይ አንዳንዶቹ በትራሳቸው ውስጥ ጠንካራ ነገር በመክተታቸው 30 ዕጩ መኮንኖች ተጎድተዋል፤ 24ቱ የጭንቅላት ጉዳት ደርሶባቸዋል። ልማዱ ቢያንስ እስከ 1897 ወደ ኋላ እንደሚሄድ በጊዜው ተዘግቦ ነበር። የዚያን ጊዜው የአካዳሚው አዛዥ ሌተና ጄኔራል ሮበርት ካስለን ውጊያው ዳግመኛ እንዳይደረግ ከልክለዋል፤ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሄዚንግ ድርጊቶችን በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ተፈርሟል።

የማሎሪ ታሪኮች የቅጂ መብታቸው ያበቃ በመሆኑ አንዳንዶቹ ቅጾች በፕሮጀክት ጉተንበርግ የነፃ መጻሕፍት ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ፤ በቶሎ በሚፈራርስ ርካሽ ወረቀት ላይ ታትመው የነበሩትን የዚያን ዘመን ሳምንታዊ መጽሔቶችም የሰሜን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል እየገለበጠ ለአንባቢ ክፍት አድርጓል።